ንግሥታቸውን አስበልተው አሸነፉኝ

የቼዝ ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ቲቸር። እዚሁ ጅማ የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። ቅዳሜ ከሰዓት ከግቢ ወጥቼ ሂርማታ ገበያ አጠገብ አንድ ልብስ ሰፊ በረንዳ ላይ ቼዝ እጫወታለሁ። ሰውዬው በዕድሜ አባቴን ይበልጣሉ። ሰሌዳቸው ከዋንዛ የተሠራ ነው፤ በርጩማ ላይ ያስቀምጡታል። አንዱ ጥቁር ወታደር ስለጠፋ በቆርኪ ተክተውታል። ባለፈው ዝናቡ ደንበኛ አስቀረባቸውና "ና እስቲ አንድ ጊዜ" አሉኝ። ነጩን እሳቸው ያዙ።

እንዲህ ሄድን (ፊደሉ የሰሌዳውን ዓምድ፣ ቁጥሩ ረድፉን ያመለክታል)። እሳቸው ወታደር ኢ4፣ እኔ ወታደር ኢ5። ፈረስ ኤፍ3፣ እኔ ወታደር ዲ6። ቢሾፕ ሲ4፣ እኔ ቢሾፕ ጂ4። ፈረስ ሲ3፣ እኔ ወታደር ጂ6። በአምስተኛው ላይ የኤፍ3 ፈረሳቸውን አንስተው ኢ5 ላይ ያለውን ወታደሬን በሉ። ፈረሱ ሲነሳ ንግሥታቸው ለቢሾፔ ክፍት ሆነች። "ጋሼ፣ ንግሥትዎ እኮ!" አልኳቸው። መርፌያቸው ላይ ክር እያስገቡ "አይቻለሁ፣ ብላ" አሉኝ። በላኋት። ቢሾፓቸው ኤፍ7 ላይ ወታደሬን በልቶ ቼክ አለኝ፤ ንጉሤን ሊበላ መጣ ማለት ነው። ንጉሤን ወደ ኢ7 አወጣሁ። የሲ3 ፈረሳቸው ዲ5 ላይ ዘለለ። ማት! ንጉሤ መሸሻ አጣ፣ ጨዋታው አለቀ። ንግሥታቸውን በእጄ እንደያዝኩ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ከዚያ ሳላስበው አጨበጨብኩ። ጓደኞቼ "ሲሸነፍ የሚያጨበጭብ ሰው አይተን አናውቅም" እያሉ እስካሁን ሙድ ይይዙብኛል።

ሦስት ነገር ልጠይቅዎት። አስቀድመው አይተውት ነው ወይስ ዕድል ነው? ሁለተኛ፣ ማታ ዶርም ገብቼ ያንኑ ነገር በጓደኛዬ ላይ ሞከርኩት። እስከ አራተኛው ድረስ አንድ ዓይነት ነበር፤ እሱ ግን ወታደሩን ጂ6 በማድረግ ፈንታ ፈረሱን ወደ ሲ6 አወጣ። ኢ5ን በፈረሴ በላሁ፣ በፈረሱ በላኝ፤ በንግሥቴ ጂ4 ላይ ቢሾፑን በላሁ፣ በዚያው ፈረስ ንግሥቴን በላት። ምኑ ላይ ነው የተበላሸው? ሦስተኛ፣ ተሸንፎ ደስ መሰኘት የደካማ ተጫዋች ምልክት ነው?

አንባቢዎ፣ ከጅማ

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ደብዳቤህን ሳነብ ልቤን የነካው እሱ ነው። ማጨብጨብህ ትክክል ነው። ጓደኞችህ እንደገና ሲያነሱብህ የኪዘሪትስኪን ታሪክ ንገራቸው።

በ1851 እ.ኤ.አ. ጁን ወር ላይ ሎንደን ውስጥ ትልቅ የቼዝ ውድድር ነበር። በዚያ ሰሞን አዶልፍ አንደርሰንና ሊዮኔል ኪዘሪትስኪ ከውድድሩ ውጪ፣ እንዲሁ ለጨዋታ ተቀመጡ። አንደርሰን ጀርመናዊ የሂሳብ መምህር ነበር (እኔም ዕድሜዬን ሂሳብ ሳስተምር ስለኖርኩ ይህን ሳነሳ ደስ ይለኛል)። በዚያ ጨዋታ አንድ ቢሾፕ ሰጠ፤ ሆን ብሎ አስበላ ማለት ነው። ሁለቱንም ሩኮች ሰጠ። በመጨረሻም ንግሥቱን ሰጠ። በቀሩት አንድ ቢሾፕና ሁለት ፈረሶች በ23ኛው እርምጃ ማት አደረገ። ማት ሲሆን ኪዘሪትስኪ የተበላበት 3 ወታደር ብቻ ነበር። ሠራዊቱ በሙሉ ሰሌዳው ላይ ቆሞ ንጉሡ ተያዘ።

ጨዋታውን ለሰው ያሳወቀው ታዲያ ማን ይመስልሃል? ተሸናፊው ነው። ኪዘሪትስኪ ፓሪስ ውስጥ በሚያዘጋጀው የቼዝ መጽሔት ላይ አወጣው። ዛሬ "የማይሞተው ጨዋታ" እየተባለ በዓለም ዙሪያ ይጠናል። ኪዘሪትስኪ በዘመኑ ከታወቁት ጠንካራ ተጫዋቾች አንዱ ነበር፤ ደካማ ስለሆነ አይደለም ያደነቀው። እንዲያውም እንዲህ ያለውን ነገር አይቶ ማድነቅ የሚችለው ጨዋታው የገባው ሰው ነው። ያልገባው "ንግሥቱን ዝም ብሎ አስበላ፣ ከዚያ አጋጣሚ ሆነ" ብሎ ያልፋል። አንተ ቤት ገብተህ እያንዳንዷን እርምጃ አስታውሰህ ጽፈህልኛል። ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ልብ ብለህ እንደሆነ፣ ልብስ ሰፊውም የጨረሱህ በአንድ ቢሾፕና በሁለት ፈረሶች ነው።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄህ ልምጣ። ዕድል አይደለም፤ አይተውታል። እንዴት እርግጠኛ እንደሆንኩ ላሳይህ። ሰሌዳ ካለህ አምጣና አራተኛው እርምጃ ላይ ያለውን ደርድር፤ ወታደርህን ጂ6 ካደረግህ በኋላ ማለት ነው።

የራስህን ወገን እየው። ጂ4 ላይ ያለው ቢሾፕህ ብቻውን ነው፤ አንድም ጠጠር አይጠብቀውም። ኤፍ7 ላይ ያለውን ወታደርህን የሚጠብቀው ንጉሥህ ብቻ ነው። ንጉሥህ ራሱ ከቦታው አልተነሳም። ፈረሶችህም፣ የኤፍ8 ቢሾፕህም ገና ቤታቸው ናቸው። አራት ጊዜ ተጫውተህ ከወታደሮችህ ሌላ ያወጣኸው ያንን አንድ ቢሾፕ ብቻ ነው፤ እሱም ጠባቂ የለውም። ሰውዬው ይህን ሁሉ አይተው ነው ፈረሳቸውን ያነሱት።

አሁን ንግሥቲቱን ባትበላ ኖሮስ ብለህ አስብ። ፈረሱን በዲ6 ወታደርህ ብትበላው በንግሥታቸው ጂ4 ላይ ቢሾፕህን ይበላሉ። ሒሳቡ ሲወራረድ ፈረስ ሰጥተው ቢሾፕና አንድ ወታደር ወስደዋል። በአንድ ወታደር ይበልጡሃል፣ ንግሥታቸውም አለች። ብትበላት ማት፣ ባትበላት ኪሳራ። በሁለቱም በኩል ተሰልቷል። በዕድል የሚጫወት ሰው እንዲህ ያለ መመለሻ መንገድ የለውም። "አይቻለሁ፣ ብላ" ያሉህ ከልባቸው ነው።

መጨረሻውን ደግሞ ቀስ ብለን እንየው፣ ውበቱ ያለው እዚያ ነው። ንጉሥህ ኢ7 ላይ ቆሟል። ዙሪያውን 8 ቤት አለ። አንድ በአንድ በጣትህ ንካቸው። ዲ8 ላይ የራስህ ንግሥት አለች። ኤፍ8 ላይ የራስህ ቢሾፕ። ዲ6 ላይ የራስህ ወታደር። ሦስቱን በር የዘጉት የራስህ ሰዎች ናቸው። ኢ8ንና ኢ6ን ኤፍ7 ላይ ያለው ቢሾፓቸው ይይዛቸዋል። ዲ7ን ኢ5 ላይ ያለው ፈረስ ይይዛል። ኤፍ6ን አሁን የመጣው የዲ5 ፈረስ ይይዛል። ቀረ ኤፍ7። እዚያ የቆመውን ቢሾፕ ልትበላው አትችልም፤ የኢ5 ፈረስ ይጠብቀዋል። ቼክ ያለህን የዲ5 ፈረስ ሊበላ የሚችል ጠጠርም የለህም።

ስምንት ቤት፣ ስምንቱም የተዘጋ። ቢሾፑም ሁለቱም ፈረሶች እያንዳንዳቸው ሥራ አላቸው። ንግሥታቸውን የበላው ቢሾፕህ ደግሞ ዲ1 ላይ፣ ከንጉሥህ በጣም ርቆ፣ ምንም ሊያደርግልህ አይችልም። እኔ ይህን ማት ተማሪዎች ሰብስቤ ባሳየሁ ቁጥር መጨረሻው ላይ ዝም እላለሁ። ራሳቸው ቤቶቹን ሲቆጥሩ ፊታቸውን ማየት እወዳለሁ።

ማቱ ስም አለው፤ "የሌጋል ማት" ይባላል። ሌጋል በ18ኛው ክፍለ ዘመን ፓሪስ ውስጥ ካፌ ደ ላ ሬዣንስ በሚባለው ቡና ቤት ይጫወት የነበረ ጎበዝ ፈረንሳዊ ነው። የዚያን ዘመን ታላቅ ተጫዋች ፊሊዶርን ያስተማረው እሱ ነው። እንግዲህ ያ ማት ከፓሪስ ቡና ቤት ተነስቶ ሂርማታ በረንዳ ላይ ደርሷል። ሰውዬውን ከማን እንደተማሩት ጠይቃቸው። ራሳቸው አግኝተውት ከሆነ ደግሞ እጃቸውን ሳምልኝ።

አሁን ወደ ዶርሙ ጨዋታ። በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው ወጥመዱን በቃሉ ይይዝና እዚህ ላይ ይወድቃል።

ልዩነቱ ያ የሲ6 ፈረስ ነው። በአንተ ጊዜ ኢ5 ላይ የገባውን ፈረስ ሊበላ የሚችለው የዲ6 ወታደርህ ብቻ ነበር። ጓደኛህ ግን ሲ6 ላይ ፈረስ አለው። ያ ፈረስ ኢ5 ላይ ሲበላህ ሁለት ሥራ በአንዴ ሠራ። የአንተን ፈረስ አስወገደ፤ ከኢ5 ሆኖ ደግሞ ጂ4 ላይ ያለውን ቢሾፕ መጠበቅ ጀመረ። ስለዚህ ቢሾፑ አሁን ብቻውን አይደለም። አንተ ይህን ሳታይ በንግሥትህ በላኸው፣ ፈረሱም ንግሥትህን በላት። ንግሥትህን እንኳ ባትሰድ ኖሮ ፈረስህ በአንድ ወታደር ሄዷል።

መፍትሔው ቀላል ነው፤ እኔን እስካሁን የሚገርመኝም ይሄ ነው። ፈረሱን ከማንሳትህ በፊት ወታደርህን ኤች3 አድርግና ቢሾፑን ጠይቀው፤ ወይ ይብላ ወይ ይሽሽ። ወደ ኤች5 ካፈገፈገ አሁን ፈረስህን ኢ5 ላይ አስገባ። ንግሥትህን ከበላ ያው ማት ነው፤ ቢሾፕ ኤፍ7፣ ንጉሥ ኢ7፣ ፈረስ ዲ5። የሲ6 ፈረስ አያድነውም። እሱ በሲ6 ፈረሱ ፈረስህን ከበላስ? የኢ5 ፈረስ ጂ4ን እንጂ ኤች5ን አይጠብቅም። በንግሥትህ ኤች5 ላይ ቢሾፑን ትበላለህ። እሱ በፈረሱ ሲ4 ላይ ቢሾፕህን ይበላል። አንተ ንግሥትህን ቢ5 ላይ አስቀምጠህ ቼክ ትለዋለህ፤ ንጉሡንም ፈረሱንም በአንድ ጊዜ ያዝክ ማለት ነው። ቼኩን ይመልሳል፣ ፈረሱን ትበላለህ። በአንድ ወታደር በለጥከው።

ተመልከት፣ ሁሉን የቀየረው ቢሾፑ ከጂ4 ወደ ኤች5 አንዲት ቤት ማፈግፈጉ ነው። ይህን ሳየው ቼዝን ለምን እንደምወደው እንደገና ይገባኛል። ስለዚህ ወጥመዱን አትሸምድድ፤ ምክንያቱን ያዝ። ቢሾፑን የሚጠብቀው ማነው? ፈረሴን በምን ሊበላው ይችላል? ቼክ ካልኩት ንጉሡ የት ይሄዳል? እነዚህን ጠይቀህ መልሳቸው ከተስማማህ ንግሥትህንም ቢሆን ስጥ። ካልተስማማህ አንድ ወታደርም አትስጥ።

ንግሥት መስጠት ከወደድክ ሌላ አንድ ጨዋታ ፈልገህ ደርድር። በ1858 እ.ኤ.አ. የ21 ዓመቱ አሜሪካዊ ፖል ሞርፊ ፓሪስ ኦፔራ ቤት ውስጥ፣ ዝግጅቱ እየታየ፣ ከአንድ መስፍንና ከአንድ ቆንት ጋር ተጫወተ። ሁለቱ እየተመካከሩ ነበር የሚጫወቱት። ሞርፊ መጨረሻ ላይ ንግሥቱን ቢ8 ላይ አስቀምጦ ቼክ አለ። በፈረስ ከመብላት ሌላ ምርጫ አልነበራቸውም። በሉ፤ ሩኩ ዲ8 ላይ ወርዶ በ17ኛው ማት ሆነ። ያ ሩክ እንዳይበላ የሚጠብቀው ጂ5 ላይ ያለ ቢሾፕ ብቻ ነበር። ከወታደሮቹና ከንጉሡ ሌላ የቀሩትም እነዚያ ሁለቱ ናቸው። የጥቁሮቹ የኤፍ8 ቢሾፕና የኤች8 ሩክ ግን ከቤታቸው ሳይወጡ ጨዋታው አለቀ። ያንተም ኤፍ8 ቢሾፕ እንደዚያው ነበር።

እኛም ጋ ቢሆን ማትን እንደ ውበቱ መመዘን አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ይጫወቱት የነበረው የአገራችን ቼዝ፣ ሰንጠረዥ፣ ሕጉ ከዛሬው ቼዝ ይለያል። ሲጀመር ሁለቱም ተራ ሳይጠብቁ እንደፈለጉ ጠጠራቸውን ያንቀሳቅሱ ነበር፤ ወረራ ይሉታል። ተራ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲበላ ነበር። ማሸነፉም ደረጃ ነበረው። በሩክ ወይም በፈረስ የተሰጠ ማት ያን ያህል አያስመሰግንም፤ በደካሞቹ ጠጠሮች ማት ያደረገ ሰው ግን ይደነቅ ነበር። በዚያ ሚዛን የልብስ ሰፊው የፈረስ ማት ዝቅ ሊል ይችላል። እኔ ግን ንግሥት ተሰጥቶ የተገኘ ስለሆነ ከፍ አድርጌ ነው የማየው።

አንድ ነገር አደራ። ደብተር ግዛና እንዲህ ያሉትን ጨዋታዎች ጻፋቸው። ያሸነፍካቸውን ብቻ አይደለም፤ የተሸነፍክባቸውን በተለይ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ደግሞ ጥቁሩን ይዘህ ያንኑ መንገድ ሂድና በአራተኛው ላይ ፈረስህን ሲ6 አውጣ። ሰውዬው ኤች3 ይሉ እንደሆነ እይ። ካሉ፣ ከማን ጋር እንደምትጫወት ታውቃለህ። ያኔ ቢሾፕህን ኤች5 አታድርግ፤ ኤፍ3 ላይ ያለውን ፈረስ ብላና ጨዋታህን ቀጥል።

ጥያቄ፦ ልጄ 11 ዓመቷ ነው። ስልክ ላይ የቼዝ ፐዝል ስትፈታ ጉድ ነች፤ ንግሥት ሰጥታ ማት ማድረጉን ሁሉ ታውቃለች። ከታላቅ ወንድሟ ጋር ሰሌዳ ላይ ስትቀመጥ ግን ሁልጊዜ ትሸነፋለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች። ስልኩን ልከልክላት ወይ?

እናት፣ ከቆጪ

መልስ፦ አይከልክሏት እህቴ። የምትሠራው ነገር ይጠቅማታል፤ የጎደለው ግማሹ ነው።

ፐዝል ሲሰጣት "እዚህ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ፈልጊው" ተብላ ነው የምትጀምረው። ከወንድሟ ጋር ስትጫወት ግን እንዲህ የሚላት የለም። አብዛኛውን ጊዜ እውነትም ምንም የለም፤ ጠጠር ማውጣትና ንጉሥን ማስጠበቅ ብቻ ነው ያለው። እሷ ንግሥት የምትሰጥበትን ስትፈልግ ወንድሟ ቀስ ብሎ ጠጠሮቹን ያወጣል፣ በኋላ ያሸንፋታል። ችሎታ አንሷት አይደለም፤ ቁጭ ብላ መጠበቁን ገና አልተማረችም።

ስለዚህ እንዲህ ያድርጉ፤ ቼዝ ባይችሉም ይችላሉ። ከላይ ለተማሪው የጻፍኩትን አራተኛ እርምጃ ላይ ያለውን አቀማመጥ ወንድሟ ይደርድርላት። አንዴ ጥቁር ወታደሩን ጂ6 አድርጎ፣ አንዴ ደግሞ ወታደሩን ጂ7 መልሶ ጥቁር ፈረሱን ሲ6 አድርጎ። የትኛው የትኛው እንደሆነ አይንገራት። "እዚህ ፈረስሽን አንስተሽ ንግሥትሽን ታስበያለሽ ወይስ አታስበይም?" ብሎ ይጠይቃት። አታስበላም ካለች ለምን እንደሆነ ቤቶቹን በጣቷ እያሳየች ለእርስዎ ታስረዳዎት። ለእናቷ ማስረዳት የቻለችውን ነገር በጨዋታ መሐል አትረሳውም። ሌሎችም እንዲህ ያሉ አቀማመጦች፣ ግማሾቹ ምንም የሌለባቸው፣ በየጊዜው ይደርድርላት።

ከወንድሟ ጋር ሲጫወቱ ለጊዜው የቼዝ ሰዓት አይጠቀሙ። ከእያንዳንዱ ጨዋታ በኋላም የተሸነፈው ሰው መጀመሪያ ይናገር፤ የቱ እርምጃ ቆንጆ እንደነበር ይምረጥ፣ የራሱም ይሁን የሌላው። ወንድሟም ሲሸነፍ እንደዚሁ ያድርግ።